የሰው አጥንት ስንት ነው?

እናንተ ጠቅላላ ዕውቀት ሲባል የምታስቡት ሬዲዮ ላይ ጠያቂው ጠይቆ፣ ደወል ደውሎ፣ «ትክክል» የሚለውን ይሆናል። በእኛ ጊዜ ጠቅላላ ዕውቀት ሌላ ነበር። ጠመንጃ የያዘ ሰው ከቁጥቋጦ ብቅ ሲል «ጓድ» ልበለው ወይስ «ወንድሜ» የሚለውን ቶሎ መለየት ነው። እሱን የተሳሳተ ሰው ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም፤ የሚማርበት ዕድሜ አይተርፈውማ።

እኔ ደግሞ ከተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ነፋስ ቆርቆሮ ካንኳኳ ልብሴን መጠቅለል እጀምራለሁ። ከአገራችን ወጥተን በመተማ በኩል ገላባት እስክንገባ ድረስ የጠየቀን ሰው ብዛቱ አይነገርም። አብዮት ጥበቃው ይጠይቃል፣ የጫካው ሰው ይጠይቃል፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ የሱዳኑ ወታደር፣ ዓስከሪው ይጠይቃል። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ከየት ነሽ? እኔም ለአንዱ የደባርቅ ሰው ነኝ፣ ለሌላው የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ፣ ለሦስተኛው ሁመራ ነው የተወለድኩት እያልኩ አለፍኩ። ገዳሪፍ ገብተን ከተቀመጥን በኋላም አመሉ አልለቀቀኝም። ጠያቂውን አየት አደርግና እንደ ፊቱ አገር እሰጠዋለሁ። ፊቱ የከፋ እንደሆነ ራቅ ያለ አገር፣ ፊቱ የፈታ እንደሆነ ቀረብ ያለ አገር። የተወለድኩበትን ግን ለማንም አልሰጥም።

ገዳሪፍ ስትሉኝ ዛሬም ሰሊጥ ይሸተኛል። የእህል ገበያው ጣሪያ ሥር ሴቶች በረድፍ ተቀምጠን ሰሊጥ እናበጥር ነበር። ማታ ሻሼን ስፈታ ከፀጉሬ የሚረግፈው ለአንድ ድፍን ዶሮ ቀለብ ይበቃል። በክረምት ጥቁሩ ጭቃ ጫማችሁን ነጥቆ ያስቀርና ባዶ እግራችሁን ይሰዳችኋል። በበጋ ፀሐይዋ ጣሪያው ላይ ተቀምጣ የምትውል ይመስላችኋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከሻ የሚሉት ነበረ፤ ወረቀት የሌለውን ስደተኛ ሁሉ ከገበያ እያፈሱ፣ ሎሪ ላይ እየጫኑ መጠለያ ጣቢያ የሚወስዱበት አፈሳ። «ከሻ መጣ» ከተባለ የተበጠረውም ያልተበጠረውም ሰሊጥ እኩል ይሆናል። ክፉ ጊዜ ነበር፤ ግን ይናፍቀኛል። ክፉ ጊዜ ለምን እንደሚናፍቅ የሚያስረዳ ጠቅላላ ዕውቀት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ባለቤቴ በክረምቱ ገላባት አካባቢ ካሉት እርሻዎች አንዱ ላይ ሰሊጥ አራሚ ሆኖ ስለሚከርም ቤት ያለነው እኔና ልጄ ትርንጎ ነን። ትርንጎ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ባለው ራኩባ ትማራለች። ራኩባ ማለት በእንጨት ቆሞ በሣር የተከደነ ዳስ ነው፤ ግድግዳ የለውም፤ ፍየል ሲገባ ተማሪ ይቆጠራል። አስተማሪው መምህር ይርጋ ይባላሉ፤ ጎንደር አስተማሪ የነበሩ፣ ቀጭን፣ ሳቃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው። ትምህርቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ሴቱ ወደ ሰሊጥ፣ ወንዱ ወደ እርሻ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ መምህር ይርጋ ወላጁን ሁሉ ሰበሰቡና ከተማው ውስጥ ካለ ትምህርት ቤት ለስደተኛ ልጅ ቦታ ተገኝቷል አሉ። አንድ ቦታ ብቻ። አዳልቷል እንዳልባል በእንቁጣጣሽ ዕለት ከሰዓት በኋላ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር አደርጋለሁ፣ ያሸነፈው ይገባል። ልጅ ከወላጁ ጋር ይቀርባል፤ ልጆቹ እኩል ከወጡ ለወላጅየው ጥያቄ ይቀርባል አሉ። ይቺን የጨመሯት እኛን የማታ ትምህርት ለማስገባት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ጥያቄው ከምን ከምን እንደሚወጣ ጠየቅናቸው። ከሁሉም ነው አሉ፤ ከሳይንስ፣ ከመልክዓ ምድር፣ ከጤና፣ ከስፖርት፣ ከቤት አያያዝ። ታዲያ መጽሐፍ የሌለን ሰዎች በምን እናጥና? «ዙሪያችሁን ጠይቁ» አሉ። ዕውቀት በየሰዉ አፍ ነው ብለው ለዚያው ትምህርት ቤት ጉዳይ በሎሪ ወደ ከሰላ ሄዱ።

ትርንጎ ሳል ይዟት ነበር፤ የሰሊጥ አቧራ ካጠገቧ ሲያልፍ እንኳ ደረቷ ያፏጫል። ያን ቦታ ካላገኘች ከጥቅምት ጀምሮ ከጎኔ ተቀምጣ ልታበጥር ነው። ስለዚህ ፍርሃቴን መሶብ ውስጥ ከድኜ ለመጠየቅ ወጣሁ። ለምን እንደምጠይቅ ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ልጄ ልትወዳደር ነው ብዬ አውጄ ዓይን ላስበላት ነው እንዴ?

መጀመሪያ የሄድኩት ሥጋ ሻጩ ማንደፍሮ ዘንድ ነው። ፍልሰታ ተፈትቶ ሰው ሥጋ የናፈቀበት ጊዜ ስለሆነ ደጁ ሞልቷል። የጤና ጥያቄ ከሥጋ ሻጭ የበለጠ ማን ያውቃል ብዬ ተራዬ ሲደርስ አጥንት ስንት ነው አልኩት።

«የበሬ ነው የፍየል?» አለኝ።

«የሰው» አልኩት።

ማንደፍሮ ቢላዋውን ግንዱ ላይ አስቀመጠ። ከኋላዬ የነበሩት ሴቶች ሌላ የሚገዙት ነገር ትዝ ያላቸው ይመስል አንድ በአንድ ሄዱ። ለምን ፈለግሽው ቢለኝ እንዲሁ ለማወቅ ነው አልኩ። ሥጋውን ሳይመዝን ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ቤት ስደርስ ባየው ካዘዝኩት እጥፍ ነው። ደግ ሰው ነው ብዬ መረቅኩት።

ቀጥሎ በአህያ ጋሪ በርሜል ጭኖ ውኃ የሚሸጥልንን ሱዳናዊ፣ አደምን ያዝኩ። ስለ ወንዝ ሳይጠየቅ አይቀርም ብዬ የከተማው ውኃ ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኩት። ከየት እንደሚመጣ ነገረኝ። የሚቀዳበት ቦታ የት ነው አልኩ። እሱንም እያመነታ ነገረኝ። ጥያቄው የተሟላ እንዲሆን ብዬ ጠባቂ አለው ወይ አልኩ። አደም አህያውን ገርፎ ሄደ፤ ያን ቀን ውኃ ሳልገዛ ቀረሁ።

ባቡር ጣቢያ ሄጄ ደግሞ ባቡሩ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍና ምን እንደሚጭን አጠናሁ። ከዚያ ሱቅ ወዳለው ወደ ሐጂ እድሪስ አለፍኩ። ሐጂ እድሪስ ከሰላ ነው የተወለድኩት የሚል፣ አማርኛው ግን ከኛ የጠራ ሽማግሌ ነው፤ ሬዲዮውን ጆሮው ሥር አጣብቆ ይውላል። ስለ ዓለም መንግሥታት ከሬዲዮ ሰሚ የተሻለ የለምና የትኛውን ጣቢያ ነው የሚሰሙት አልኩት። ተበላሽታለች አለኝ። ሬዲዮዋ ግን እጁ ላይ ሆና ዜናዋን ቀጥላለች።

ከዚያ በኋላ ኑሮዬ ተለወጠ። ገበያ ስገባ ጥላው ያለበት ቦታ ይለቀቅልኛል። ትናንት በስሜ የሚጠሩኝ ሴቶች «እትዬ» ይሉኛል። እንዴት አደራችሁ ስላቸው ደኅና ብለው አይተውም፤ እኛ ምንም አናውቅም፣ ከሰውም አንገጥም፣ ከሥራ ወደ ቤት ነን ብለው ይጨምሩበታል። ማንደፍሮ ጉበት ይልክልኛል። እኔ ሞኟ የትርንጎ ጎበዝነት ተሰምቶ ነው ብዬ ልቤ አበጠ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይን እንዳይበሏት ፈርቼ አንገቷ ላይ ክታብ አሰርኩላት።

ነገሩን የነገረችኝ ራሷ ናት። ከትምህርት ቤት መጥታ ሳትቀመጥ «እማ፣ ሰው ሁሉ የደርግ ጆሮ ጠቢ ነሽ እያለ ነው» አለችኝ።

እውነቴን ነው፣ ሰፈራችን ጆሮ ጠቢ መግባቱን ስሰማ የመጀመሪያ ሐሳቤ መሸሽ ነበር። ልብስ ማጣጠፍ ሁሉ ጀምሬ ነበር። ከራሴ ወዴት እንደምሸሽ ሲጨንቀኝ ቁጭ አልኩ።

በማግሥቱ የስደተኛው ሽማግሎች ኒም ዛፍ ሥር አስጠሩኝ። የበላያቸው አያ ታከለ ናቸው፤ ረጅም፣ ዱላቸው ከእጃቸው የማይለይ፣ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር «እኛ ጎጃሞች» የሚሉ ሰው። ጎጃም ውስጥ ማሩን የማያውቁት ቀፎ ያለ አይመስልም ነበር። ማንደፍሮ ምስክር ሆኖ ቀርቧል። ማን እንደላከኝ ጠየቁኝ። ማንም አልላከኝም አልኩ። ታዲያ ለምን ጠየቅሽ ሲሉኝ ዝም አልኩ።

«ዝም ብሎ የሰው አጥንት የሚቆጥር አለ?» አሉ አያ ታከለ።

እናንተ አሁን መምህር ይርጋ ጠይቁ ብለውን ነው ብትዪ ምን ነበረበት ትሉኛላችሁ። ቀላል ነው፤ ለእናንተ። እኔ በወጣሁበት አገር መርማሪ ፊት ስሙ የተነሣ ሰው በማግሥቱ ቤቱ አይገኝም ነበር። እንኳን የመምህሩን የራሴን ስም ሲጠይቁኝ ምላሴ ደርቆ ነበር። ከየት ነሽ የሚለው ሲመጣማ ነገሩ ተበላሸ። ማንደፍሮ ለእኔ ደባርቅ ብላኛለች አለ። አንዱ ሽማግሌ የለም፣ ለእኔ የጎንደር ከተማ ነው ያለችኝ አለ። ሦስተኛው ሁመራ አለ። እርስ በርሳቸው እንደ ድንበር ክርክር ተያያዙ። መጨረሻ ላይ መምህሩ እስኪመለሱ ልጄ ከውድድሩ እንድትወጣ ፈረዱና ሸኙኝ። ቤት ስገባ ትርንጎ እንዴት ሆነ አላለችኝም። ወንፊቱን ከግድግዳ አወረደችና እንዴት እንደሚያዝ አሳዪኝ አለች። ከዚያ ሁሉ ሽሽት እንኳ እንደዚያ ያለ ሐዘን አልገጠመኝም።

መምህር ይርጋ በጳጉሜ መጨረሻ መጡ፤ ሎሪዋ ጭቃ ውጧት ግማሹን መንገድ በእግራቸው የመጡ ናቸውና እስከ ደረታቸው ጥቁር ሆነዋል። ሽማግሎቹ የያዙትን ሰላይ በኩራት ነገሯቸው። እሳቸው የራኩባውን ምሰሶ ይዘው እስኪበቃቸው ሳቁ። እኔ ነኝ ጠይቁ ያልኳቸው፤ የጠየቀች እሷ ብቻ መሆኗ ነው የሚያሳፍረው አሉ። አያ ታከለ አልሳቁም። «ትግባ» አሉ። «ዓይናችን ግን ከሷ አይነሣም።»

እንቁጣጣሽ ደረሰ። ዝናቡ ጠዋት ዘንቦ አባርቷል። ራኩባው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ውድድሩ የማይመለከተው ሁሉ እኔን ለማየት መጥቷል። እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ የተቀመጥንበት አግዳሚ አንድ ስለሆነ የሁሉም ተወዳዳሪ ወላጅ አብሮኝ ይንቀጠቀጣል።

ጥያቄው ከየማዕዘኑ ዘነበ። ትልቁ ውቅያኖስ ማን ነው፣ ቀስተ ደመና ለምን ይወጣል፣ ኳስ በእጅ መያዝ የሚፈቀድለት ማን ነው፣ ዘይት የነካው ልብስ በምን ይለቃል። ልጆች አንድ በአንድ እየወደቁ ተነሡ። ትርንጎ ሳሏን እየዋጠች ትመልሳለች። ከዚያ መምህር ይርጋ ወረቀታቸውን ገለጥ አድርገው «የሰው አጥንት ስንት ነው?» አሉ። ሕዝቡ በሙሉ ዞሮ ማንደፍሮን አየው። ማንደፍሮ ካለበት ብድግ ብሎ «ሁለት መቶ ስድስት» አለ። ለካ እኔ ከጠየቅኩት ጀምሮ እንቅልፍ አጥቶ፣ ክሊኒክ ድረስ ሄዶ ጠይቆ ኖሯል። ጥያቄው ተሰረዘ። ትርንጎ መልሱን ታውቀው ነበርና እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

በመጨረሻ ሁለት ቀሩ፤ ትርንጎና ክብሮም የሚባል ልጅ። ክብሮም የአደይ ለተብርሃን ልጅ ነው። አደይ ለተብርሃን ከትግራይ የመጣች፣ ከእኔ ጋር ሰሊጥ የምታበጥር፣ በአሉባልታው ሰሞን እንኳ ከጎኔ ያልተነሣች ሴት ናት። ልጆቹ ቢጠየቁ ቢጠየቁ እኩል ሆኑ። ስለዚህ ተራው የእናቶች ሆነ። አንዷ መልሳ ሌላዋ ከሳተች ቦታው የመላሿ ልጅ ነው፤ ያለዚያ ዕጣ ይወጣል ተባለ።

መምህር ይርጋ ከቆባቸው ውስጥ ጥያቄ አስወጧት። ለፀሐይ ከሁሉ የምትቀርበው ማን ናት የሚል ወጣላት። አደይ ለተብርሃን ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ገዳሪፍ ናት» አለች።

ሕዝቡ አጨበጨበ። አንዳንዱ ልክ ናት፣ ይሰጣት ብሎ ተከራከረ። መምህሩም እየሳቁ አልተቀበሉትም፤ ፕላኔት ነው የጠየቅኩት አሉ።

የእኔ ተራ መጣ። ቆቡ ውስጥ እጄን ብሰድ ጣቶቼ ወረቀት አልይዝ አሉ፤ ስታገል ቆቡ ተገለበጠና ጥያቄዎቹ መሬት ላይ ተበተኑ፣ ጭቃ ነካቸው። አደይ ለተብርሃን አዘነችልኝ። «በቃ ቀላል ነገር ጠይቋት፣ ልትሞትብን ነው» አለች። መምህር ይርጋም እሺ አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ እኔን ለማዳን ብለው፣ በዓለም ላይ ካለው ሁሉ ቀላል ይሆናል ያሉትን ፈልገው ጠየቁኝ።

«የት አገር ነው የተወለድሽው?»

ከኋላ የቆሙት ወደ ፊት ተጠጉ። ማንደፍሮ አንገቱን እንደ ሰጎን አሰገገ።

እኔ ስንት ነገር አጥንቼ መጥቼ ነበር። ባሕር ቢጠይቁኝ፣ ባቡር ቢጠይቁኝ፣ ውኃ ቢጠይቁኝ አያቅተኝም። ፊታቸውን አየሁ፤ እንደ ልማዴ ለፊታቸው የሚስማማ አገር ፈለግኩ። የዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንድ አገር አይበቃውም። ከጎኔ የትርንጎ ደረት ያፏጫል።

«የጭልጋ ልጅ ነኝ» አልኩ። «ሾላ ውኃ ከሚባል መንደር።»

ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ጎርፍ ይወስደኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጣው ግን ጫጫታ ነው። ይኸው አራተኛ አገር ጨመረች አለ ማንደፍሮ። ሐጂ እድሪስ የትኛውን እንያዝ አለ። መምህር ይርጋ ወረቀታቸውን አገላብጠው ቢያዩ የዚህ ጥያቄ መልስ እሳቸውም ዘንድ የለም። አስተማሪ በገዛ ጥያቄው ሲያዝ ያን ቀን አየሁ። ተጨንቀው ሾላ ውኃ የሚባል መንደር የሚያውቅ ሰው ካለ ይመስክር፣ ያለዚያ ዕጣ እናወጣለን አሉ።

ማንም አልተነሣም። ክብሮምና ትርንጎ ለዕጣው ሁለት ጠጠር መልቀም ጀመሩ።

አያ ታከለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዱላቸውን ተደግፈው ሲነሡ ጥፋተኛ ናት ሊሉ ነው ብዬ ነበር።

«ታቦቱ የማን ነው?» አሉኝ።

«ገብርኤል።»

«ምንጩስ? ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነው በታች?»

«በታች ነው። በክረምት ድንጋዩ ያዳልጣል። እንስራ ሰብሬ ተገርፌበታለሁ።»

አያ ታከለ መሬቱን በዱላቸው ጫሩ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረው ልክ ነች፣ ይመዝገብላት አሉ።

ማንደፍሮ አላስችል ብሎት «አያ ታከለ፣ አንቱ የጎጃም ሰው አይደሉ እንዴ? ሾላ ውኃን በምን አወቁት?» አላቸው።

እንደ እሳቸው ያለ ሰው አንገቱን ሲደፋ ማየት ይከብዳል። ቢቀመጡ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር፤ የልጄ ቦታ ግን ዕጣ ላይ ይወድቅ ነበር።

«ቤቴ ከሾላ ውኃ ወንዙን ተሻግሮ ነው» አሉ። «ጎጃምን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።»

መጀመሪያ የሳቀችው አደይ ለተብርሃን ናት። ከዚያ ራኩባው በሙሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ግን ዓይናቸው ይፈስ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሐጂ እድሪስ ተነሥቶ እኔም ከሰላን ያየኋት ጎልምሼ ነው፣ የጎንደር አዲስ ዓለም ልጅ ነኝ አለ። አንዷ ሴት እኔ ደግሞ ወልቃይት ነኝ ስትል ባሏ ደንግጦ አያት፤ ለሱም አልነገረችውም ኖሯል። ዝናብ በጀመረበት ሰዓት የዳሱ ግማሽ ሕዝብ አገሩን ቀይሮ ነበር። ሰው ሁሉ ጎረቤቱን እንደ አዲስ የማን ልጅ ነህ፣ እነ እከሌን ታውቂያለሽ እያለ ይጠያየቃል፤ መምህር ይርጋ ዝም በሉ ቢሉ የሚሰማቸው የለም። የትርንጎን ማሸነፍ ያወጁት በጩኸት ነው። ክብሮም ሲያለቅስ አይተው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ለሱ ቦታ ሳላገኝ አልቀርም ብለው ቃል ገቡ፤ አገኙለትም።

ትርንጎ የከተማው ትምህርት ቤት ገባች። እኔም መምህሩ እንዳሰቡት የማታው ትምህርት ላይ ተያዝኩ፤ ይህን የምጽፍላችሁ በዚያው ነው።

አያ ታከለ ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኛ ደጅ ጎራ ማለት ጀመሩ። ከኔ በፊት ብዙ ዘመን ቀድመው የወጡ ሰው ናቸውና ጥያቄያቸው አያልቅም። ድልድዩ ተሠራ ወይ፣ የእገሌ ልጅ አገባች ወይ ይሉኛል። አንድ ቀን ደጃቸው ላይ ስለነበረች ዋንዛ ጠየቁኝ። የተከልኳት ገና ሳላገባ ነው፤ ስትወጪ ነበረች? አሉኝ። እኔ ስወጣ ጨለማ ነበር፣ ልጅ ታቅፌ፣ እንኳን ዋንዛ የራሴን እግር አላየሁም። ፊታቸውን ሳይ ግን «ነበረች» አልኩ። ታፈራለች ወይ አሉ። ታፈራለች አልኩ። ጥላዋስ? ጥላዋ ሙሉ የከብት መንጋ ያሳርፋል አልኳቸው። በየእሑዱ ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩላት ያቺ ዋንዛ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በልጣ ነበር።

ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ አገራቸው ከገቡት አንዱ እሳቸው ናቸው። እኔ ገና ሳልሄድ በመተማ በኩል ከመጣ ነጋዴ ጋር መልእክት ላኩልኝ። ሰውየው ሻይ ከጠጣ በኋላ ትዝ ብሎት ነገረኝ። ዋንዛዋ የለችም፣ ሥሯም የለም፣ እሷ ውሸታም ሆና እንዳትቀር እኔ እንደገና ተክያታለሁ በላት ብለውኛል አለ።